ፋይል የሌላት ሠራተኛ

እህቶቼ፣ በተለይ ኩዌት ያላችሁ ይቺን አንብቧት። ቪዛ 20 ይዛችሁ ከቤት ውጪም ለምትሠሩ ናት።

የኔ ቪዛ የቤት ነው። ማዳሜ የጥርስ ሐኪም ናት፣ ትንሽ ክሊኒክ አላት። ከዓመት በላይ ጠዋት ጠዋት እየወሰደችኝ ክሊኒኩን አጸዳ ነበር። ለዚያ በወር 15 ዲናር ትጨምርልኛለች። ያቺ 15 ዲናር የወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ ናት።

በቀደም የሥራ ተቆጣጣሪዎች በአካባቢው እየዞሩ ነው ተባለና ክሊኒኩ ታመሰ። መንዱቡ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ፋይል አዘጋጀ፦ ኮንትራት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የኢቃማ ኮፒ፣ ደሞዝ በባንክ የገባበት ወረቀት፣ የዓመት ፈቃድ። ግድግዳ ላይ የሥራ ሰዓት ተለጠፈ። መስታወት ስወለውል ፊሊፒኗን ነርስ «ምን ይላል?» አልኳት። «በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48፣ ከዚያ አንድ ቀን ዕረፍት። በፈረንጅ 2010 የወጣው ሕግ ነው» አለችኝ።

ፋይሎቹን ቆጠርኳቸው፣ አራት ናቸው። የምንሠራው ግን አምስት ነን። መንዱቡን «የኔስ?» ብለው ሳቀ። «አንቺማ ያን ቀን አትመጪም። ድንገት ከደረሱ በኋላ በር ውጪ» አለኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በቪዛ 20 ድርጅት ውስጥ የተገኘች ምን እንደምትሆን እናውቃለን። አሠሪው ይቀጣል፣ እሷ ግን ተይዛ ወደ አገር ትላካለች። ማዳሜ ናት ያመጣችኝ ብል ማን ይሰማኛል?

ጠዋት ሻይ ስሰጣት፣ ሳልጮህ ሳላለቅስ ነገርኳት። «ማማ፣ ቤትሽን እንደ ቤቴ ነው የማየው። ፋይል በሌለኝ ቦታ ግን አልሠራም። እኔ ብያዝ አንቺም ትቀጫለሽ፣ ልጆችሽንም የሚይዝልሽ የለም» አልኳት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን ከጽዳት ድርጅት ሰው አስመጣች። 15 ዲናሯም ቀረች። ለወንድሜ ደውዬ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ» አለኝ። እስካሁን ሆዴን ይበላኛል።

ተቆጣጣሪዎቹ ከሳምንት በኋላ መጡ። ነርሷ እንዳለችኝ የሁሉንም መታወቂያ ከሥራ ፈቃዳቸው ጋር አስተያዩ፣ ጓዳውንና መጸዳጃ ቤቱን ሳይቀር ከፍተው አዩ። እኔ በዚያ ሰዓት ቤት ሩዝ እያበሰልኩ ነበር።

እህቶቼ፣ ለኛም ሕግ አለን፦ በ2015 የወጣው ቁጥር 68። በቀን ከ12 ሰዓት በላይ አያሠሩንም፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አለን፣ ያለ ፈቃዳችን ፓስፖርታችንን መያዝ አይችሉም። ይሄ ግን ለቤት ሥራ ነው። ክሊኒክ፣ ሱቅ፣ ሳሎን ሲወስዷችሁ መጀመሪያ «የኔ ወረቀት የታለ?» በሉ። ጭማሪ ብር የሥራ ፈቃድ አይሆንም።

እናንተንስ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችኋል? ምን አደረጋችሁ? ሁላችንንም በሰላም ለአገራችን ያብቃን።