ለየዕለቱ የየራሱ ጸሎት

ክረምቱ እየተገባደደ ጳጉሜን ስትገባ፣ ሰው ሁሉ ያለፈውን ዓመት በኅሊናው እየመረመረ ለሚመጣው አንዳች የተሻለ ሥራ በሚመርጥበት በዚህ ሰሞን፣ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በቡሹሎ የምንኖር ወዳጆች ዘወትር ከምናነሣው ጨዋታ አንዱ፣ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ በየዕለቱ ለጥቂት ጊዜ ከሥራና ከስልክ ተለይቶ በጽሞና መቀመጥ፣ ብዙዎች ዛሬ ሜዲቴሽን የሚሉትን ተመስጦ መጀመር ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በዕንቁጣጣሽ ማግሥት በታላቅ ትጋት የተጀመረው ነገር ጥቅምት ሳይጋመስ ሲቀዘቅዝ ደጋግመን ስላየን፣ ከመጀመራችን በፊት የመቀዝቀዙን ምክንያት መመርመር ይገባናል።

ምክንያቱን የበረሃ አባቶች ከእኛ ይልቅ ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። አበ መነኮሳት የሚባለው ቅዱስ እንጦንስ በግብፅ በረሃ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ፣ ስልቹነትና የሐሳብ ብዛት ነፍሱን ቢያስጨንቃት፣ መዳኛውን እንዲያሳየው ወደ ፈጣሪው ለመነ፤ ከዚያም ወጣ ቢል፣ እርሱን የመሰለ አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ሥራውን ትቶ ለጸሎት ሲቆም፣ ዳግመኛ ተቀምጦ ሲታታ፣ እንደ ገናም ተነሥቶ ሲጸልይ አየ፤ ያም ለትምህርቱ የተላከ መልአክ ነበርና፣ እንጦንስ በዚህ ሥርዓት እንዲኖር ተነገረው፣ ልቡም ዐረፈ። ይህን ታሪክ ባሰብሁት ቁጥር የሚያስደንቀኝ፣ ለዚያ ታላቅ አባት የተሰጠው መድኃኒት ጸሎቱን እንዲያበዛ ሳይሆን እንዲያፈራርቅ መሆኑ ነው። ያ የበረሃ ጻድቅ አንድ ዓይነት ተግባር ያለ ለውጥ መሸከም ካቃተው፣ ቀኑን ሙሉ በባጃጅ፣ በገበያና በቢሮ ሲባክን የሚውል የከተማ ሰው በየማለዳው ዓይኑን ጨፍኖ እስትንፋሱን ብቻ እየቆጠረ ዓመቱን እዘልቃለሁ ቢል፣ ይህ እንዴት ይሆንለታል?

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ጥበብ በገዳም ብቻ አልተወችውም፤ ለምእመናንም ሁሉ በዕለታት ከፍላ ሰጥታለች። 150ው መዝሙረ ዳዊት ዐሥር ዐሥሩ አንድ ንጉሥ እየተባለ በ15 ንጉሥ ተከፍሎ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ላሉት ቀናት ለየዕለቱ ድርሻው ሲታደል፣ እሑድ ደግሞ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ ሰሎሞን ይደርሳል። የቅዱስ ኤፍሬም ድርሰት የሚባለው ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ ለሰባቱ ዕለታት በሰባት ክፍል የተሰናዳ ስለ ሆነ፣ የሰኞውን ደጋሚ የማክሰኞው ይጠብቀዋል። ቀኑ ራሱም በነግህ፣ በሠለስት፣ በቀትር፣ በተሰዓት፣ በሠርክ፣ በንዋምና በመንፈቀ ሌሊት በሰባት ጊዜያት ተመድቧል። ሥጋም ከዚህ ድርሻ አልተለየችም፤ አንድ ጊዜ መቆም፣ አንድ ጊዜ መስገድ፣ አንድ ጊዜ መቁጠሪያ ይዞ 41 ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ማለት አለ፤ በሰንበተ ክርስቲያንና ከፋሲካ በኋላ ባሉት በሃምሳው ቀናት ግን ስግደቱ ቀርቶ ሰውነት የትንሣኤን ዕረፍት ትካፈላለች። በጉባኤ ቤት የመነኮሳት መጻሕፍት የሚባሉትን ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን የተማሩ ሊቃውንት እንደሚያስተምሩንም፣ ንባብ፣ ጸሎት፣ ስግደትና አርምሞ አንዱ ሲደክም ሌላው የሚደግፈው የአንድ ቤት ምሰሶዎች ናቸው።

በቡሹሎ ደግሞ ይህን ሥርዓት በሌላ መልኩ የሚጠብቁ ጎረቤቶች አሉን። በካቶሊካውያን አባቶችና እኅቶች ድካም ስሙ በታወቀው፣ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን በሚወልዱበት በቡሹሎ የጤና ተቋም የተነሣ፣ የእነርሱ ጸሎተ መቁጠሪያ ለሰፈራችን እንግዳ አይደለም። በዚያ ጸሎት ሰኞና ቅዳሜ የደስታ ምሥጢራት፣ ማክሰኞና ዓርብ የሕማም፣ ረቡዕና እሑድ የክብር ይታሰባሉ፤ የሐሙሱን የብርሃን ምሥጢራት የጨመሩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ሲሆኑ፣ ይህም የሆነው በ1995 ዓ.ም. ነው። የአገሩ ባለቤት የሲዳማ ሕዝብም ከጥንት ጀምሮ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶና ቃዋላንካ በሚባሉ በአራት ቀናት ሳምንቱን ሲቆጥር ኖሯል። አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ በትዕግሥት ተመልክተው ዕለቱን ካልቆረጡ በቀር የፍቼ ጫምባላላ ዘመን መለወጫ አይከበርም። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. ይህን በዓል በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር ሁላችን ደስ ብሎናል፤ ለእኔ ግን ከመዝገቡ ይልቅ የሚልቅብኝ፣ ሌሊት ወደ ሰማይ አንጋጦ በዝምታ የሚጠብቅ ሰው የአንድ ሕዝብ ዓመት መክፈቻ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምረዳው፣ ጸሎትና ተመስጦ ልዩ ልዩ መሆን እንዳለበት፣ ልዩነቱ ግን በሥርዓት እንጂ በስሜት መመረጥ እንደሌለበት ነው። ዛሬ በስልክ የሚጫኑት የተመስጦ መተግበሪያዎች ለሰሚው ብዙ ዓይነት አቅርበው፣ እንደ ዕለቱ ስሜት የወደደውን እንዲመርጥ ይፈቅዱለታል። ለብዙዎች መግቢያ ሆነዋልና አልነቅፋቸውም፤ ነገር ግን ያዘነ ሰው ሁልጊዜ ከኀዘኑ ጋር የሚስማማውን ብቻ ከመረጠ፣ ያላሰበው መጽናናት ከወዴት ይመጣለታል? በዕለታት የተደለደለ ጸሎት ሰውን ካለበት ያነሣዋል፤ ልቡ በከበደበት ቀን የምስጋና መዝሙር፣ በተደሰተበት ቀን የሕማም መታሰቢያ ያቀርብለታልና። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ወስኖ የዓለም የተመስጦ ቀን ያደረገው እንደ እኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 12 ቀን ሲሆን፣ ያ ዕለት ከታላቁ ጸሎተኛ ከአቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ የዕረፍት በዓል ጋር ስለ ተገናኘ፣ ለአገራችን ሰው ሁለት ጊዜ የሚታሰብ ይሆናል።

እኔም ለዘንድሮው መስከረም ያሰብሁት ትንሽና የተለያየ ነገር ነው። በየማለዳው የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አደርሳለሁ፤ ሰኞና ማክሰኞ ከእርሱ ቀጥዬ ከዳዊት አንድ ንጉሥ እደግማለሁ። ረቡዕ ያለ አንዳች ቃል በሐይቁ ዳር እሄዳለሁ፤ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው የሚመለሱበት፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ በዳርቻው ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓት ለአርምሞ የተመቸ ነውና። ሐሙስ ማር ይስሐቅን ከነአንድምታው ጥቂት አነባለሁ። ዓርብ የሕማማቱ መታሰቢያ ስለ ሆነ ስግደት፣ ከዚያም የታመመ ጎረቤት መጠየቅ፤ የታመመ ሰው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥን ከተመስጦ ለይቼ አላየውምና። ቅዳሜና እሑድ ከማኅበረ ምእመናን ጋር ናቸው።

ከእኔ ጋር ለመጀመር ለምታስቡ ሁሉ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። በመስከረም 1 የተጀመረው ገና ሳይሰለች መስከረም 26 ቀን ዘመነ ጽጌ ይገባል፤ እስከ ኅዳር 5 ድረስ ባሉት 40 ቀናት ማኅሌተ ጽጌ ስለሚቆም፣ የሰንበት ሌሊታችሁ ራሱ መልኩን ይለውጣል፤ ስለዚህ የጥቅምቱን ድካም አስቀድማችሁ አትፍሩ። እንግዳ መጥቶባችሁ ወይም ታማችሁ የማክሰኞው ድርሻ ያለፈባችሁ እንደ ሆነም፣ በረቡዕ የማክሰኞን ዕዳ ለመክፈል አትቀመጡ፤ የረቡዕን ያዙ፤ ማክሰኞ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል።