ከጎንደር እስከ ደረስጌ ልናደርገው ስላሰብነው ጉዞ

ሰው ረዥም መንገድ ለመሄድ ሲያስብ አስቀድሞ ስንቁን ያሰናዳል፤ ቀጥሎም የጉዞ ባልንጀራውን ይመርጣል፤ ከዚያም መንገዱን ያውቃሉ የሚባሉትን ሰዎች ይጠይቃል። እኛ በደባርቅ የምንማር ልጆች የተወለድነውም ያደግነውም ከመንገድ ዳር ነው። ከባሕር ማዶና ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ በከተማችን መካከል አልፎ ስሜንን ለማየት ሲወጣ ስናይ ኖረናል። ይሁን እንጂ ከክፍላችን ተማሪዎች መካከል ዋልያን በሥዕል እንጂ በዓይኑ ያላየው ይበዛል። በዚህ ምክንያት ከጎንደር ተነሥተን፣ በዳባትና በደባርቅ አድርገን፣ የስሜንን ተራራ ተሻግረን እስከ ደረስጌ ማርያም የሚያደርስ የአምስት ቀን ጉዞ ለማድረግ አሰብን። ጉዞው ገና ነው፤ ዕቅዱ ግን ከብዙ ክርክር በኋላ ተጽፎ አልቋል። ስለዚሁ ዕቅድ ለመጽሔታችን አንባቢያን በመጠኑ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ክርክሩ የተነሣው ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ነው። አንዳንዶቹ በአጭር ጊዜ ብዙ ቦታ ማየት አለብን አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ጥቂት ቦታ መርጠን በየቦታው በቂ ጊዜ እንቆይ አሉ። ነገሩ አልቋጭ ቢል የታሪክ መምህራችን የቀድሞዎቹን ነጋዴዎች ነገር አነሡልን። በድሮ ዘመን ከጎንደር ወደ ምፅዋ የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ በዚሁ በእኛ መንገድ ያልፍ ነበር። ነጋዴው የሚጓዘው ከሰፈር ወደ ሰፈር ነው፤ ውሃና ሣር የት እንደሚገኝ፣ ሽፍታ የት እንደሚያሰጋ እየጠየቀ ያድራል። ከስኮትላንድ የመጣው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባው በዚሁ መንገድ ነው። መምህራችንም «የመንገድ ዕቅድ ማለት የት እንደምትቆሙና እዚያ ማንን እንደምትጠይቁ አስቀድሞ መወሰን ነው» አሉን። ከዚያ በኋላ ክርክራችን ስለ ማረፊያዎቹ ብቻ ሆነ።

በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ከጎንደር እንነሣለን። ዐፄ ፋሲል የመሠረቷትን ከተማና ግንቦቿን አብዛኞቻችን ስለምናውቅ በዚያ ብዙ አንቆይም። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ሄድን ወለቃ እንቆማለን። ወለቃ በሸክላ ሥራቸው የታወቁት ቤተ እስራኤል ይኖሩበት የነበረ መንደር ነው፤ አብዛኞቹ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ የሸክላው ሥራ ግን በመንደሩ ቀርቷል። ከወለቃ ሽቅብ ወጥተን ኮሶዬ ላይ ቆላውን ቁልቁል እናያለን። ከዚያም በአምባ ጊዮርጊስ አድርገን፣ የወገራን የገብስ አገር አቋርጠን፣ ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ዳባት እንገባለን።

በመኪና ለሚያልፍ ሰው ዳባት የአንድ አፍታ ነገር ናት። እኛ ግን ሆን ብለን የገበያዋን ቀን መረጥን። አንዱ ቡድን የገብሱን ዓይነትና የእያንዳንዱን ጥቅም ከገበሬዎቹ እየጠየቀ ይጽፋል፤ ሌላው የበግ ጠጉር እንዴት እንደሚፈተልና እንደሚሠራ ከሴቶቹ ይማራል። በዚሁ በዳባት ወረዳ ጭና በተባለው ስፍራ በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ከገበያው ወጥተን ጉዟችንን ከመቀጠላችን በፊት ለእነርሱ ቆመን ዝም ለማለት ሁላችንም ያለ ክርክር ተስማማን። በዚያው ዕለት ማታ ደባርቅ ደርሰን በየቤታችን እናድራለን።

በማግሥቱ ጧት ወደ ሊማሊሞ አፋፍ እንሄዳለን። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሠራው መንገድ፣ ገደሉን እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። ጠላት አዲስ አበባን ከለቀቀ በኋላ እንኳ በዚህ አፋፍ ላይ መሽጎ ቆይቶ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው፤ ጎንደርም የተለቀቀችው በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ነው። ስለ መንገዱ መሐንዲሶች ብዙ ሲነገር እንሰማለን። ድንጋዩን የፈለጡት ክንዶች የማን እንደ ነበሩ ግን ከከተማችን ሽማግሌዎች ጠይቀን ለመጻፍ አስበናል።

ከሊማሊሞ ተመልሰን ወደ ፓርኩ እንገባለን። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት በራሳችን ከተማ ስለሚገኝ የመግቢያውን ከፍለን፣ መሪና ጠባቂ ይዘን ወደ ሳንቃ በር እንወጣለን፤ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የስሜን ተራሮች ፓርክ በአዋጅ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ1970 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከተጻፉት ዐሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ሆነ፤ ከእነርሱም መካከል ላሊበላ ይገኝበታል። እርሻና ግጦሽ እየሰፋ፣ ዋልያውም እየተመናመነ ስለ ሄደ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቈጠረ፤ በ2009 ዓ.ም. ግን ከዚያ መዝገብ ወጣ። ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይኖርም።

በዕቅዳችን ላይ ከሁሉ የበለጠ ያከራከረን ሦስተኛው ቀን ነው። ከሳንቃ በር እስከ ጨነቅ መኪና ይሄዳል። በግጭ በኩል ለማለፍ ግን በጅንባር ፏፏቴ አጠገብ አድርጎ አምስት ሰዓት ያህል በእግር መጓዝና በዚያ ማደር ያስፈልጋል። ስለዚህ ግጭን ብንተው አንድ ቀንና የአንድ ቀን ወጪ ይተርፍልናል። አንድ ጓደኛችን «ግጭ ላይ ምን አለ? ቤቶቹ ፈርሰዋል፤ ሰውም የለበትም» አለ። ቃሉ እውነት ነው። ግጭ ይኖሩ የነበሩት ከ400 በላይ አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ወርደዋል፤ የዚህም ምክንያቱ ሜዳው በከብትና በእርሻ ብዛት ስለ ተጎዳ ሣሩ እንዲያገግም ነው።

አያቴ ከእነዚህ ሰዎች አንዷ ናት። በግጭ ተወልዳ፣ በግጭ ተድራ፣ ወላጆቿንም በዚያው ቀብራለች። በከተማ ከኖረች ዓመታት ቢያልፉም ጧት ስትነሣ ፊቷን ወደ ተራራው አዙራ ደመናውን ሳታይ አትውልም። ስለ ጉዟችን በነገርኋት ጊዜ የምታዝዘኝ ነገር ይኖር እንደ ሆነ ጠየቅኋት። ከቤታችን ደጃፍ ድንጋይ አምጪልኝ ትለኛለች ብዬ ነበር። እርሷ ግን ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እኛ የወጣነው ሣሩ እንዲመለስ ነው ተብለን ነው። ጓሳው ተመልሶ እንደ ሆነ በዓይንሽ አይተሽ ንገሪኝ። ከተመለሰ መውጣታችን ለአንድ ነገር ጠቀመ ማለት ነው» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ይህን ቃሏን በሚቀጥለው ስብሰባ ለጓደኞቼ ነገርኋቸው። ያ «ምን አለ?» ያለው ልጅ እጁን አውጥቶ ግጭ በዕቅዱ እንዲጻፍ ራሱ ሐሳብ አቀረበ። ደግሞም ከመሄዳችን በፊት ከግጭ የወረዱትን ሽማግሎችና አሮጊቶች ጠይቀን የመንደሩን ካርታ እንድንሥል ተስማማን፤ ምንጩ የት እንደ ነበረ፣ ከብቱ በየት በኩል እንደሚሰማራ፣ የማን ቤት ከማን ቤት እንደሚዋሰን። በእርግጥም የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው። ማንኛውም መጽሐፍ ሊነግረን የማይችለውን ነገር ከጎረቤቶቻችን አፍ አገኘን።

በአራተኛው ቀን ከግጭ በእሜት ጎጎ በኩል በእግር ተጉዘን ጨነቅ ላይ ከመኪናችን ጋራ እንገናኛለን። ጭላዳውን በመንገዳችን ሁሉ፣ ዋልያውን ደግሞ በጨነቅ ገደል እናያለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን። በአምስተኛው ቀን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በቧሂት በር ተሻግረን፣ ራስ ዳሽንን ከማዶ እያየን፣ ወደ ጃናሞራ እንወርዳለን። መጨረሻችን ደረስጌ ማርያም ናት። ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሯት የስሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ናቸው፤ በአሠራሩም ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር ረድቷቸዋል። ውቤ ዘውድ ሊጭኑባት ያሰቧት ቤተ ክርስቲያን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ያደረጓቸው ካሣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡባት ሆነች። አንዱ ያሰናዳውን ሌላው እንደሚወርሰው ደረስጌ ትመሰክራለች።

ስለ ዝግጅቱም ጥቂት ልጨምር። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሜዳው ገና ለምለም ሳለ ለመሄድ ጥቅምትን መርጠናል። ስንቃችን በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ነው። ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ስለሆነ እያንዳንዱ ወፍራም ልብስ ይይዛል፤ ከፍታው ራስ ምታት እንዳያመጣብንም ቀስ ብለን እየተራመድን ውሃ በብዛት እንጠጣለን። የመንገዱን ሰላም ከአገር አስተዳደሩ ሳንጠይቅና የወላጆቻችንን ፈቃድ ሳንይዝ አንነሣም። ቀኑ ካልተመቸ ጉዞው ይዘገያል እንጂ ዕቅዱ አይቀደድም። ለነዳጅና ለመኪና ኪራይ የሚሆነውን መዋጮ በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ እያጠራቀምን ነው።

እንግዲህ ወላጆቻችን ሆይ፥ ልጆቻችሁ ማታ መጥተው ስለ አንድ ወንዝ ወይም ስለ አንድ ተራራ ቢጠይቋችሁ ሥራ ፈቶች ናቸው ብላችሁ እንዳትቆጡ እለምናችኋለሁ፤ ስንቅ በመሰብሰብ ላይ ናቸው። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ እናንተም መኪና ከመጠየቃችሁ በፊት አያቶቻችሁን ጠይቁ። የዕቅዱን ወረቀት በክፍላችን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። በሦስተኛው ቀን አንጻር «ግጭ፤ ሣሩን ማየት» የሚል ተጽፎበታል።