ሐረገ ትውልድ ዘሚስተር ቢን

የአገራችን ሰው እንግዳ በደጁ ሲቆም ስሙን ከማወቁ አስቀድሞ የማን ልጅ መሆኑን መጠየቅ የቆየ ልማዱ ነውና፣ እኔም ቡናማ ኮቱን ለብሶ፣ ቀጭን ቀይ ክራቫቱን አስሮ፣ ማንም ሳይጋብዘው በየቪዲዮ ቤቱና በየሳሎናችን እየገባ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቀውንና የማያውቀውን፣ ሕፃኑንና ባልቴቷን ባንድነት ሲያስቅ የኖረውን ሚስተር ቢን የተባለውን ሰውዬ እስከ ሰባት ቤት ሐረጉን ልቆጥርለት ካሰብሁ ቆይቻለሁ። እርሱ ራሱ ቢጠየቅ አይመልስም፤ መናገር ሥራው አይደለም። ስለዚህ ወደ አባቱ መሄድ ግድ ሆነብኝ።

አባቱ ሮዋን አትኪንሰን ነው። የተወለደው በሰሜን እንግሊዝ፣ በደርሃም አውራጃ፣ የብረት ፋብሪካ ባቆማት በኮንሴት ከተማ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1955 ሲሆን፣ ይህ ዕለት በእኛ ቀመር ታኅሣሥ 28 ቀን 1947 ዓ.ም.፣ የልደት ዋዜማ ነበር፤ ከዚህ የሚወጣ ምሥጢር የለም፣ ነገር ግን ዘር ቆጣሪ እንዲህ ያለውን አጋጣሚ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ወላጅ አባቱ እርሻም የኩባንያ ሹመትም የነበረው ሰው ነበር። ልጁ በደርሃም ካቴድራል ሥር በሚተዳደረው የመዘምራን ትምህርት ቤት ፊደል ከቆጠረ በኋላ፣ በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምሮ፣ በ1975 አባቱ ወደ ተማረበት ወደ ኦክስፎርዱ ኩዊንስ ኮሌጅ ተሻገረ። በዚያ ለማስተርስ ማዕርግ ያቀረበው ጽሑፍ ራሱን በራሱ ስለሚያስተካክል የቁጥጥር ሥርዓት ነበር፤ ይኸውም የሥራውን ውጤት እየመረመረ፣ ስሕተቱን እየለካ፣ ያለ ሰው እጅ የሚታረም መሣሪያ ማለት ነው። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ያኑርልኝ።

የዚህ ሰው አንደበት ከልጅነቱ ጀምሮ እስራት ነበረበት፤ ይንተባተባል። ሙሴ አፉ ቢከብደው ወንድሙ አሮን እንደ ተናገረለት፣ ለአትኪንሰንም አሮን የሆኑለት ገጸ ባሕርያቱ ናቸው፤ ሌላ ሰው ሆኖ ሲቆም መንተባተቡ እንደሚለቀው ራሱ መስክሯል። በተለይ «በ» የሚለው ድምፅ ቢፈትነው፣ ከንፈሩን ጨብጦ ፊደሉን እንደ ርችት አፈንድቶ ማውጣትን ዘዴ አደረገው፤ ከ1983 እስከ 1989 በቢቢሲ በታየው «ብላክአደር» በተባለው ተከታታይ ቀልድም ይህ አነጋገር ነውር መሆኑ ቀርቶ የጨዋታው ጌጥ ሆነለት። ብላክአደር ሲናገር ምላሱ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ፣ ስድቡን እንደ ቅኔ አቀናጅቶ የሚያዘንብ አንደበተ ርቱዕ ነው። የመጨረሻው ክፍል በኖቬምበር 1989 ተላለፈ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1990፣ ያው ፊት በሌላ ጣቢያ ብቅ አለ፣ ቃል ግን የለውም። ከአንድ አባት ወጥተው አንዱ ተናግሮ የማይጠግብ፣ ሌላው አርምሞ የያዘ መነኩሴ የመሰለ ወንድማማች ማየት እምብዛም አያጋጥምም።

ነገር ግን ዝምተኛው በዕድሜ ታላቅ ነው። አትኪንሰን ገና በኦክስፎርድ ሳለ፣ በኋላ ደራሲው ከሆነለት ከሪቻርድ ከርቲስና ዜማ ከቀመረለት ከሃዋርድ ጉዶል ጋር በተማሪዎች መድረክ ላይ ሲጫወት፣ በመስታወት ፊት ቆሞ ፊቱን ሲያጣምምና ሲያቃና የተገኘ ፍጡር ነው። በእናቱ ወገን ፈረንሳዊ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ፤ ፈረንሳዊው የፊልም ሰው ዣክ ታቲ የፈጠረው ሙሴ ኡሎ አጎቱ ለመሆኑ አረማመዱ ምስክር ነው። ስሙ ግን እስከ መጨረሻው ሰዓት አልተቆረጠም ነበር፤ ቢን ማለት ባቄላ ነውና፣ የአትክልት ስም ሲመረጥለት ሳለ አበባ ጎመን ተብሎ ሊቀር ለጥቂት ነው የተረፈ።

አሁን መሐንዲሱን እናስታውሰው። በ1987 በካናዳ በሞንትሪያል በተደረገው የቀልድ ፌስቲቫል ላይ፣ አትኪንሰን የምጫወተው በእንግሊዝኛው ሳይሆን በፈረንሳይኛው መርሐ ግብር ነው ብሎ ድርቅ አለ። አዘጋጆቹ አንድ የፈረንሳይኛ ቃል የሌለበትን ሰው ምን ነካው ብለው ተደነቁ፤ እርሱ ግን ቋንቋውን የማያውቅ ሕዝብ ይስቅ እንደ ሆነ ሊመረምር ነበር። ሌላው ተዋናይ ጭብጨባ ሲመኝ እርሱ ልኬት ይወስድ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሚስተር ቢን ባሕር ተሻግሮ የእኛን ባልቴቶች ማሳቁ በአጋጣሚ ነው የሚለኝን ሰው አላምነውም።

የመዘምራኑ ትምህርት ቤትም ቢሆን ያለ ፍሬ አልቀረም። በትርኢቱ መክፈቻ ቢን ከሰማይ በብርሃን ዐምድ ሲወድቅ ከበስተኋላ የሚሰማው የላቲን ዝማሬ የሳውዝዋርክ ካቴድራል መዘምራን ድምፅ ነው፤ በመጀመሪያው ክፍልም ቤተ ክርስቲያን ገብቶ፣ መዝሙሩ የተጻፈበት መጽሐፍ ስለሌለው ሌላው ሲዘምር አፉን ያንቀሳቅስና፣ ሃሌ ሉያ ላይ ሲደርስ ግን ጣራውን እስኪያናጋ ይጮሃል። የዚህ ሰው ወንድሞች በየደብራችን፣ በማኅሌቱ ዳር፣ ሞልተዋል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም።

ከ1990 እስከ 1995 የተሠሩት ክፍሎች በጠቅላላው 15 ብቻ ናቸው። አባትየው ይህን ልጅ ተሸክሞ መጫወት የሚያደክምና የሚያስጨንቅ መሆኑን ሳይሸሽግ ተናግሯል፤ ፊት በላብ የሚጽፈውን ብዕር ይጽፈዋል ማለት አይቻልምና እኔ አልፈርድበትም። በ2002 ሚስተር ቢን ካርቱን ሆነ፤ ፊቱን ሠዓሊዎች ወሰዱለት፣ ለአትኪንሰን የቀረለት ድምፁን ማዋስ ሆነ፣ ይህም በአካል ከመጫወት ይልቅ እንደሚቀለው ተናግሯል። እንግዲህ ዓለም ሁሉ በዝምታው ያወቀው ሰውዬ፣ አባቱ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ ያጉረመርምለት ጀመር።