ባሩድ ያለበት ጋራዥ

ጋራዣችን ውስጥ፣ ከበረዶ አካፋው ጎን፣ የተቆለፈ የእንጨት ቁም ሣጥን አለ። ውስጡ ባሩድ ነው። ይህን ለአዲስ አበባ ጓደኞቼ ስነግራቸው መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥሎ ዝም ይላሉ። እናንተም ዝም ካላችሁ አልፈርድባችሁም። ጥይት ሲባል በእኛ ጆሮ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ነው። እዚህ ብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንደ እግር ኳስ ቡድናቸው ሁሉ የሸክላ ዒላማ ተኩስ ቡድን አላቸው። ተማሪው ከማሽን ተወርውራ የምትበር፣ ስፋቷ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ትንሽ ሳህን በሾትገን ይመታል። ሸክላ ትባል እንጂ ከኖራ ድንጋይና ከዝፍት ነው የምትሠራው። አንድ ዙር 25 ሳህን ነው፤ 25 ጥይት ማለት ነው። ልጃችን 15 ዓመት ሲሞላው የመሣሪያ ደኅንነት ኮርሱን ልውሰድና ልመዝገብ አለ።

እኔ አልፈለግሁም። ሁለት ምክንያት ነበረኝ፤ ሁለቱም ዛሬም አብረውኝ አሉ። አንደኛው፣ ከ2020 ጀምሮ በዚህ አገር ከ1 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችና ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚው የጦር መሣሪያ መሆኑ ነው። አደጋው አለ፣ ግድያው አለ፤ እናት ጮክ ብላ ልትለው የማትፈልገው በራስ ላይ የሚደረገውም አለ። ሁለተኛውን ደግሞ አሜሪካ ጥቁር ወንድ ልጅ የምታሳድግ እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ጠመንጃ በእጁ ያየ ሰው ስፖርተኛ ነው ብሎ ያስባል ወይስ ሌላ?

ባለቤቴ አልተከራከረኝም። «ምን ብናደርግ እሺ ትያለሽ?» ብቻ አለኝ። ጠመንጃው ያለ አባቱ ከቤት አይወጣም። ጠመንጃው ባለቤቴ ቁጥሩን በሚያውቀው ካዝና ይቀመጣል፤ የጥይቱና የባሩዱ ቁልፍ ደግሞ እኔ ዘንድ ይሆናል። አንዳችን ብቻችንን ምንም ማድረግ አንችልም። ይህ ስምምነት ከጋብቻ ውላችን ይልቅ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ጥይት መሙላቱ የመጣው በኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ዓይናቸው ሲደክም ዊስኮንሲን የተሠራ ሜክ የሚባል መሙያ ማሽናቸውን ለልጁ ሰጡት። ጠረጴዛ ላይ በብሎን የሚታሰር፣ ባለ ረጅም እጀታ ብረት ነው። የተተኮሰው ቀለሃ አይጣልም። ከታች ብረት፣ ከላይ ፕላስቲክ ነው፤ አፉ እስኪሰነጠቅ ድረስ ደጋግሞ ይሞላል።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀለሃው አንድ በአንድ ይታያል፤ የተሰነጠቀው ይጣላል። እጀታው ሲወርድ የተቃጠለችው ፕራይመር፣ ማለትም እሳቱን የምትጭረው ትንሽ ክዳን፣ ከሥር ወድቃ አዲስ ትገባለች። ከዚያ ባሩዱ ይወርዳል። በላዩ ዋድ የሚባለው የፕላስቲክ ጽዋ ይገባል፤ እሱ ባሩዱን ከእርሳሱ ይለያል። ጽዋው ውስጥ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎች ይፈስሳሉ። በመጨረሻ የቀለሃው አፍ እንደ ጃንጥላ ስድስት ወይም ስምንት ቦታ ታጥፎ ይዘጋል። 11 ኪሎ ግራም ከምትበልጥ አንድ ከረጢት እርሳስ፣ ለአንዱ ጥይት 28 ግራም ገደማ ሲገባ፣ 400 ጥይት ይወጣል።

ባሩዱ የሚለካው በግሬይን ነው፤ አንድ ግራም ከ15 ግሬይን በላይ ነው። የባሩድ አምራቾቹ መጽሐፍ የትኛው ቀለሃ ከየትኛው ፕራይመር፣ ከየትኛው ዋድና ከስንት ግሬይን ጋር እንደሚሄድ ይዘረዝራል። እንደ ወጥ አሠራር በግምት «ትንሽ ጨመር» የለም። አንዱን ዕቃ በሌላ መተካት የግፊቱን ኃይል ይለውጠዋል። ባሩዱ ሁለቴ ከወረደ ጠመንጃው ሊፈነዳ ይችላል። ጨርሶ ካልወረደ ደግሞ ጥይቱ ቀስ ብሎ «ፑፍ» ይልና ዋዱ አፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅሮ ሊቀር ይችላል። ያኔ ሳያዩ ሁለተኛ መተኮስ አፈሙዙን ይቀደዋል። ልጄ ድምፁ የተለየ ጥይት ከሰማ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ ማራገፍና በአፈሙዙ ብርሃን ማየት ለምዷል።

የ20 ጌጅ ጥይት ቢጫ የሆነበትን ምክንያትም የነገረኝ እሱ ነው። ቀጭን ስለሆነች ሰፋ ባለው የ12 ጌጅ አፈሙዝ ውስጥ ሾልካ ትገባና ትሰነቀራለች፤ ሰው ባዶ መስሎት ሌላ ከኋላዋ ካስገባ ያበቃል። ስለዚህ ፋብሪካዎች 20 ጌጁን ቢጫ ያደርጉታል። በቤታችን ግን ጠመንጃችን 12 ስለሆነ ቢጫ ነገር ጠረጴዛው ላይ አይወጣም።

ቁም ሣጥኑ ለምን ከእንጨት እንደሆነ ጠይቃችሁ ይሆናል። ይህ ጭስ አልባ ባሩድ ክፍት ቦታ ላይ በፍጥነት ይቃጠላል እንጂ አይፈነዳም፤ አጥብቆ በተዘጋ ብረት ውስጥ ግን ግፊቱ ተከማችቶ ቦምብ ይሆናል። እንጨቱ ይሸነፋል። ባሩዱም ከመጣበት ዕቃ ወደ ሌላ አይገለበጥም፤ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የሚወጣውም አንድ ዓይነት ብቻ ነው።

እኔን ከባሩዱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እርሳሱ ነው። በልጅ ደም ውስጥ ችግር የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። ትንሿ ልጃችን ስድስት ዓመቷ ስለሆነ ሥራው ሲሠራ ጋራዥ አትገባም። ጠረጴዛውና ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል እንጂ በመጥረጊያ አይጠረግም፤ መጥረጊያ ብናኙን ያነሣዋል። አባትና ልጅ ልብሳቸውን ቀይረው፣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ነው ማዕድ የሚቀርቡት። በዚህ ላይ ድርድር የለም፤ ዶሮ ወጥ ቢሆንም ይጠብቃል።

ገንዘብ ይቆጥባል ወይ? ብዙም አይደለም። በቆጠቡት ይተኩሱበታል። ለውድድር የፋብሪካውን ይገዛሉ፤ የቤቱ ለቅዳሜ ልምምድ ነው። ለራስ መጠቀሚያ መሙላት እዚህ የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሠርቶ መሸጥ ግን ይጠይቃል። አገር ቤት ላላችሁ፣ የመሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነውና ሞክሩት እያልኩ አይደለም።

ያልጠበቅሁት ነገር ወሬው ነው። ልጃችን አማርኛ ይሰማል፤ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነበር። ባለቤቴ በባሕርዩ ቁጥብ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ ይባስ ያጥራል። ማሽኑ ላይ ግን አንዱ ይሞላል፣ ሌላው ያያል፣ እያንዳንዱም ይቆጠራል። ቁጥሩን ባለቤቴ በአማርኛ ጀመረው። አሁን ክረምቱን ሁሉ ከጋራዥ «ሠላሳ ሰባት፣ ባሩድ አለ፤ ሠላሳ ስምንት፣ ባሩድ አለ» ሲባባሉ እሰማለሁ። ቀለሃና አፈሙዝ የሚሉትን ቃላት ከእኔ አልተማራቸውም።

እናቴ ከደብረ ማርቆስ ስትደውል እሱ ነው የነገራት። «አያትህ ዝናር ነበራቸው» አለችው። «ጥይቱ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር፤ አንዷ ብትጎድል ቤቱ አይተኛም።» ድሮ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ገንዘብ ገበያ ላይ ይመነዘር እንደነበርም ነገረችው። እሱ ስለ አያቴ በአማርኛ ሲጠይቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ዝናሩ የት ደረሰ፣ ስንት ይይዝ ነበር፣ ማንን መቱበት? የመጨረሻውን ጥያቄ እናቴ አልመለሰችም፤ «እሱን ተወው የእኔ ልጅ» አለችው። እሱም ተወው።

በነሐሴ መጨረሻ ኮሌጅ ይገባል። ማሽኑ እዚሁ ይቀራል። ባለቤቴ ባለፈው ሳምንት፣ ዓይኑን ከሚዛኑ ሳያነሣ፣ መነጽሬ ቁጥሩ ተስተካክሎ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለምን እንደጠየቀኝ ገብቶኛል። እስካሁን አልመለስኩለትም፤ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ግን አሁንም እኔ ጋ ነው።