ዋግ የሚያሰጋው የአርሲ ስንዴ

ከአዳማ ተነስቶ በኢተያ በኩል ወደ አሰላ ለሚጓዝ ሰው፣ በጥቅምት ወር ግራ ቀኙ ስንዴ ነው። የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም የሚገኘው እዚሁ መንገድ ላይ ነው፤ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ የስንዴ ዝርያ የወጣበት ቦታ ነው።

አሰላ ሳልደርስ ያገኘኋቸው አዛውንት ገበሬ የስንዴውን አገዳ በጣታቸው ጠረግ ሲያደርጉት ቀይ ቡናማ ዱቄት እጃቸው ላይ ቀረ። «ይኸውልዎት ሲስተር፣ ዋግ ማለት ይህ ነው። ዛሬ ጎረቤት ማሳ ላይ ካዩት ነገ ከእርስዎ ማሳ ነው» አሉኝ።

ዕድሜዬን በነርስነት ላሳለፍኩት ለእኔ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም፤ ወረርሽኝ ነው። በነፋስ ይዛመታል። በሽታው ራሱን ሲለውጥ ትናንት የተቋቋመው ዝርያ ዛሬ ይረታል። ቢጫ ዋግን ስለቻለ ብዙ ገበሬ የወደደው ዲገሉ የተባለው ዝርያ፣ በ2006 ዓ.ም. በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ የተመታው በዚሁ ምክንያት ነው። ግንዱ ሲታመም ፍሬው ይጨማደዳል፤ ትርፉ ገለባ ነው።

መላውም ከሰው ሕክምና አይለይም፦ ማሳን ቶሎ ቶሎ ማየት፣ ምልክቱ እንደታየ መርጨት፣ አገር ሙሉ አንድ ዝርያ ብቻ አለመዝራት። ችግሩ ገንዘቡ ነው። ማዳበሪያው ኪሳቸውን አራቁቶታል፤ አዛውንቱ ለልጅ ልጃቸው ትምህርት ያስቀመጡትን ብር ለመድኃኒቱ ሊያወጡት ነው።

ወላጆች፣ አጨዳው ሳያልቅ ልጆቻችሁን ወደዚያ ውሰዷቸው። ዳቦ ከዳቦ ቤት እንደማይጀምር በዓይናቸው ይዩ።