ሁለት ጊዜ የተበላ ጥርስ

ባለፈው በጋ ከዝቋላ ወረዳ፣ ከጽጽቃ ወደ ሰቆጣ ስመለስ የመኪናዬ የሾፌር በኩል መስታወት ግማሽ ድረስ ወርዶ ቀረ። ቁልፉን ስጫን ሞተሩ «ክርርር» ይላል፤ መስታወቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ሰቆጣ የገባሁት ፀጉሬም ቅንድቤም ዱቄት መስሎ ነው።

ጋራዥ ያገኘሁት ልጅ የእናንተ እኩያ ነበር። የበሩን ሽፋን ፈትቶ የመስታወቱን ሞተር አወጣና ክዳኑን በካቻቢቴ ከፈተው። ውስጡ አንድ ጠመዝማዛ ብረትና ዙሪያውን ጥርስ ያለው ክብ ናይለን አለ። ብረቱ አንዴ ሲዞር ናይለኑ በአንድ ጥርስ ብቻ ይራመዳል፤ ጥርሶቹ 60 ቢሆኑ ሞተሩ 60 ጊዜ ዞሮ ናይለኑን አንዴ ያዞረዋል። ትንሹ ሞተር ከባዱን መስታወት የሚያነሣው ፍጥነቱን በጉልበት ለውጦ ነው። የኔው ናይለን ጥርሶቹ ተበልተዋል።

«ለምን ከብረት አልተሠራም?» አልኩት።

«ፕላስቲክ ድምፅ አያበዛም፣ ዋጋውም ይረክሳል። ደግሞ መስታወቱ ሲያዝ ሞተሩ ከሚቃጠል እሱ ቢበላ ይሻላል» አለኝ።

ምትኩ ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ በአውቶቡስ መጣልን። ልጁ አሮጌውን ግራሶ ጠርጎ፣ አዲስ ቀብቶ ገጠመው። ከዚያ «መምህር፣ መስታወቱ የሚንሸራተትበት ጎማ አቧራ ሞልቶታል። ይውጣና ይታጠብ፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል» አለኝ።

«ጊዜ የለኝም፤ ዝጋልኝ» አልኩት።

በ3ኛው ሳምንት ያው ድምፅ ተመለሰ። እሑድ ከትምህርት በኋላ ውጭ ለቆሙት ወጣቶች «አሮጌ ዕቃ ገጥሞ ገንዘቤን በላ» ብዬ አወራሁ። እንደ ሰቆጣ ባለ ከተማ የባለሙያ ስም እንጀራው ነው። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ደንበኞች እንደቀሩበት ሰማሁ።

ልጁ ሲያገኘኝ አልተቆጣም። «ይምጡና አብረን እንክፈተው» አለኝ። ናይለኑ አዲስ ነበር፤ ጥርሶቹ ግን በአንድ ወገን ተልጠዋል። የጎማውን ቦይ በጣቱ ሲቧጥጠው የመንገዱ አቧራ እንደ ደረቅ ጭቃ እየተፈረፈረ ወጣ። መስታወቱ የሚወጣው ተጣብቆ ነበር፤ ያን ሁሉ ጫና የተሸከመው ትንሹ ጥርስ ነው። እኔም አልወጣ ሲለኝ ቁልፉን አጥብቄ እጫን ነበር።

ያን ቀን ግማሽ ቀኔን ሰጠሁት። ጎማውን በሳሙና አጥበን አደረቅን፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል ብሎ አልቀባውም። የሁለተኛውን ጥርስ ዋጋ ከነእጅ ሥራው ከፈልኩ።

የከበደኝ እሑድ ነው። ያወራሁት በወጣቶቹ ፊት ስለነበር የተበላውን ጥርስ ይዤ እነሱው ፊት ቆምኩ፤ «ጥፋቱ የኔ ነበር» አልኩ። ሁለቱ ደንበኞች ቤትም ሄድኩ። አንደኛው ወደ ልጁ ተመለሰ። ሌላኛው እስከ ዛሬ ሌላ ጋራዥ ይሄዳል።

ወዳጆቼ፣ የተበላ ጥርስ ስታዩ ምን እንደከበደው ሳትጠይቁ አትፍረዱ። ጥርሱ በአውቶቡስ ይመጣል። የሰው ስም ግን ሶማሌ ተራ አይሸጥም።