ገዳዩን አውቀን መርማሪውን ስንጠብቅ

ወዳጄ፣ ፊልሙን ቀድሞ አይቶት «ገዳዩኮ ወንድሟ ነው» ብሎ ጨዋታ የሚያበላሽ ሰው ከጎንዎ ተቀምጦ ያውቃል? ያናድዳል። እኔ ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግሁት ግን ደራሲው ራሱ ገና ከመነሻው ገዳዩን አሳልፎ ስለሚሰጥባቸው የምርመራ ታሪኮች ነው። ከወንጀል ታሪክ ሁሉ እነዚህን አስበልጣለሁ።

የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልሙን መርማሪ ኮሎምቦን ይውሰዱ። ያ የተጨማደደ ካፖርት ለብሶ፣ ሲጋሩን ይዞ፣ አሮጌ ፔጆ የሚነዳው የሎስ አንጀለስ ፖሊስ። ተዋናዩ ፒተር ፎልክ ነው፤ ካፖርቱም የገዛ ራሱ ነበር። ፊልሙ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ኮሎምቦ የለም። በቅድሚያ የምናገኘው ገዳዩን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሀብታም፣ የተማረ፣ ስሙ የታወቀ ሰው። ሲያቅድ፣ ሲገድል፣ ዱካውን ሲያጠፋ ቁጭ ብለን እናያለን። መርማሪው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በ1971 እ.ኤ.አ. የታየውንና ያኔ ገና ወጣት የነበረው ስቲቨን ስፒልበርግ ያዘጋጀውን ክፍል ላንሳ። ኬን ፍራንክሊንና ጂም ፌሪስ አብረው የምርመራ ልብ ወለድ የሚያሳትሙ ጓደኛሞች ናቸው። የሚጽፈው ግን ጂም ብቻ ነው፤ ኬን ስሙንና አንደበቱን ነው ያዋጣው። ጂም «ከእንግዲህ ብቻዬን ልሥራ» ሲል ኬን ሳን ዲዬጎ አካባቢ ወዳለው ቤቱ ይወስደውና፣ ለሚስቱ ስልክ ደውሎ «ቢሮ እያመሸሁ ነው» እንዲላት ያደርጋል። ስልኩ ሳይዘጋ ይተኩስበታል። ሚስትየው ባሏ ቢሮው ውስጥ ሲገደል የሰማች መስሏታል።

አሁን ኮሎምቦ የያዘውን ነገር ይመልከቱ። ኬን የጓደኛውን መርዶ እንደሰማ ያን ሁሉ መንገድ በመኪና ነው የተመለሰው። ኮሎምቦን ይህ ይከነክነዋል፤ ወዳጁ እንዲህ የሆነበት ሰው አውሮፕላን አይሳፈርም? ኬን መኪናውን ጥሎ መምጣት ያልቻለው ሬሳው መኪናው ውስጥ ስለነበረ ነው። በኋላ ሬሳውን የገዛ ቤቱ ሣር ላይ ይጥለውና «አገኘሁት» ብሎ ፖሊስ ይጠራል። ፖሊስ እስኪደርስ ግን የመጡለትን ደብዳቤዎች ከፍቶ ኖሯል። የጓደኛውን አስከሬን ደጁ ላይ ያገኘ ሰው ደብዳቤ ይከፍታል?

እኔ በዚህ ዓይነት አተራረክ የተማረክሁት እዚህ ላይ ነው። ገዳዩ ማን እንደሆነ ባናውቅ ኖሮ ያ የተከፈተ ፖስታ ከዐሥር ተጠርጣሪዎች ወሬ ጋር ተቀላቅሎ ያልፈን ነበር። ስለምናውቅ ግን ዓይናችን ከእጁ አይነቀልም። ሐዘንተኛ መስሎ መናገሩን አሳምሮ ተዘጋጅቶበታል፤ ፖስታ ሲያይ የመክፈት ልማዱን ግን አላሰበበትም።

ይህን አካሄድ ኮሎምቦ አልፈለሰፈውም። ኦስቲን ፍሪማን የተባለ፣ በሙያው ሐኪም የነበረ እንግሊዛዊ ደራሲ በ1912 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ታሪኩን ለሁለት ከፍሎ፣ በመጀመሪያው ወንጀሉን፣ በሁለተኛው ምርመራውን ተርኳል። ከታሪኮቹ በአንዱ ሳይላስ ሂክለር የተባለ ሌባ፣ ባቡር እስኪመጣ ቤቱ ያሳረፈውን የአልማዝ ነጋዴ ይገድልና ሬሳውን ሐዲድ ላይ ያጋድመዋል፤ አደጋ እንዲመስል። ቤቱ ሲመለስ የሟቹ ባርኔጣ እዚያው ቁጭ ብሏል! ባርኔጣውን ያቃጥለዋል። የሰውየው ባርኔጣ የት እንደደረሰ መጠየቅ ሲጀመር የሚደነግጠው ሂክለር ብቻ አይደለም፤ አንባቢውም አብሮ ይደነግጣል። ገዳዩን እየጠላነው፣ ምስጢሩን አብረን ስለያዝን ፍርሃቱም ይጋባብናል።

ይህን ፍርሃት ከሁሉ በላይ አርቅቆ የጻፈው ዶስቶየቭስኪ ነው። «ወንጀልና ቅጣት» ላይ ራስኮልኒኮቭ አሮጊቷን በመጥረቢያ ሲገድል እያየነው ነው፤ መርማሪው ፖርፊሪ የሚመጣው በኋላ ነው። እያጫወተ፣ ወሬ እያዞረ ልቡን ያወልቀዋል። የኮሎምቦ ደራሲዎች ሌቪንሰንና ሊንክም ሰውያቸውን ከፖርፊሪ እንደቀዱት ራሳቸው ተናግረዋል። ኮሎምቦ ተሰናብቶ ከወጣ በኋላ ከበር ተመልሶ «አንዲት ነገር ብቻ» ሲል የፖርፊሪን ዘመድነት ልብ ይበሉ።

ወደ ኬን ልመለስና አንድ ቅሬታዬን ልንገርዎ። ኮሎምቦ በመጨረሻ የሚያቀርበው ማስረጃ ከጂም ወረቀቶች መካከል የተገኘች ማስታወሻ ናት፤ የግድያው ዕቅድ እንዳለ ሰፍሮባታል። ደህና ጠበቃ የያዘ ሰው በዚህ ብቻ የሚፈረድበት አይመስለኝም። ኬን ግን እጅ ይሰጣል፤ ዕቅዱን ከዓመታት በፊት ለጂም የነገረው እሱ ራሱ ነበር። አንድም ገጽ ያልጻፈው ደራሲ ተሸናፊ ሆኖ እንኳ ሐሳቡ የራሱ እንደነበረ እንዲታወቅለት ይፈልጋል።